የሴትዮዋ እጆች

1.

"እጆቼን አጥፊልኝ" አለቻት።

ሴትዮዋ ሂልትሩድ ክራውዘ ትባላለች፤ ሰባ ስምንት ዓመቷ ነው። ካፖርቷን ሳታወልቅ በቤተ መዘክሩ አዳራሽ፣ ሥዕሉ ፊት ለፊት ቆማለች። ሰዓሊዋን ገና ከመጀመሪያው ቃል "አንቺ" ብላ ነው የጀመረቻት።

2.

አንባቢ፣ ለማንም ከማዘንዎ በፊት ሥዕሉን ይዩት።

ባለ አምስት ፎቅ የሠራተኞች መኖሪያ፤ የመስኮቶቹ መስታወት ረግፏል። በሩ ላይ ድንጋይ የያዙ ወጣቶች። ከመንገዱ ማዶ፣ መስኮቷ ላይ፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት።

ታጨበጭባለች።

3.

ሰዓሊዋ ቱዬት ናት። ወደዚህች የጀርመን ከተማ ከቬትናም የመጣችው በሰባት ዓመቷ፣ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የተቀጠረች እናቷን ተከትላ ነው። ዘጠኝ ዓመት ሲሆናት፣ አንድ እሑድ ቀትር ላይ፣ የሰፈሩ ወጣቶች "ወደ አገራችሁ" እያሉ ቤታቸውን በድንጋይ ደበደቡት። በማግስቱ አውቶቡስ መጥቶ ወሰዳቸው። ከዚያ ወዲህ ሠላሳ ሁለት ዓመት ከተማዋን አልረገጠቻትም።

ቤተ መዘክሩ "አገር ቤት" ለሚል ዐውደ ርእይ ሲጋብዛት፣ ኃላፊው የሩዝ ማሳ ሥዕል ጠብቆ ነበር። እሷ ይህን አመጣችለት።

4.

ክራውዘ፦ መስኮቱ የእኔ ነው። ሹራቡም የእኔ ነው። ያጨበጨብኩት ግን ልጄን ልጠራው ነው። እታች ነበር፣ ከነሱ መሃል።

ቱዬት፦ መጣልዎት? በእጁስ ምን ይዞ ነበር?

ክራውዘ፦ ዳቦ ቤት ይጠቋቆሙብኛል። የልጅ ልጄ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር መጥታ ሥዕሉ ላይ አየችኝ። እዚህ በልተሽ፣ እዚህ ተምረሽ፣ አሁን ታዋርጂናለሽ።

ቱዬት፦ በእኔም ላይ የጠቆሙት እዚሁ ነው።

5.

ኃላፊው ቱዬትን ገለል አድርጎ፣ እጆቹ ላይ ብቻ ትንሽ ቀለም ብታስነካ ምን ይጎዳታል ሲል ለመናት። ሴትዮዋ አሮጊት ናት፣ ከተማውም ትንሽ ነው አላት። ቱዬት ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ብሩሽ ካነሳች ከመስኮቱ ሥር የሴትዮዋን ስም እንደምትጽፍበት ነገረችው።

6.

ወጥታ ለእናቷ ደወለች። እናቷ ስለዚያ እሑድ ተጠይቃ መልሳ አታውቅም።

"መስኮቱን በፍራሽ ደፍኜው ነበር" አለች እናቷ። "አንቺ አልጋ ሥር ነበርሽ። ምንም አላየሽም።"

"ጭብጨባውስ?"

"ሰምተነዋል። የብዙ ሰው ነበር።"

"ታዲያ ከማዶ መስኮት ላይ ስታጨበጭብ የሳልኳትን ሴትዮ የት አየኋት?"

"ያቺ ሴት በየቀኑ መስኮቷ ላይ ነበረች። የዚያን ቀኑን እኔን አትጠይቂኝ። አልጋ ሥር የከተትኩሽ እንዳታዪ ነው።"

ስልኩን ዘጋችባት።

7.

ቱዬት ስትመለስ ክራውዘ አልሄደችም ነበር። ወንበር አስመጥታ ሥዕሉ ፊት ተቀምጣለች። ቱዬትን ላለማየት ፊቷን ወደ ሸራው እንዳዞረች ናት።

ኃላፊው፣ ሥዕሉን ካልነካሽ ቢያንስ ከጎኑ የሚለጠፍ ማብራሪያ ጻፊ ብሎ፣ ለቱዬት ባዶ ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጣት። ወረቀቱን ግድግዳው ላይ አስደግፋ ጻፈች፦

እሑድ፣ ቀትር። ድንጋይ ተወረወረ። ተጨበጨበ። ከማዶ፣ መስኮቷ ላይ የቆመችው ሴት...

እስክሪብቶውን ከወረቀቱ አነሳች፤ ከዚህ በኋላ ያለውን አልጋ ሥር ሆና አላየችውም።