የቄስ ወልደ ጻድቅ ቀኝ እጅ

ቄስ ወልደ ጻድቅ መስቀላቸውን ለሰው ማሳለም ካቆሙ ሁለት ወር ሞላቸው። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሰው እንደ ደንቡ ነጠላውን አጣፍቶ፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ ይጠጋቸዋል። እሳቸው ግን አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይላሉ። ቀኝ እጃቸውን ከጋቢያቸው ሳያወጡ “እግዚአብሔር ይፍታህ” ብለው ያልፋሉ። ለደብሩ አለቃ ቁርጥማት ያዘኝ ስላሉ ቅዳሴውን ሌሎቹ ካህናት ተረክበውላቸዋል።

ቁርጥማት ግን አልነበረም። ቀኝ እጃቸው አንጓ ላይ ነጭ ምልክት ወጥታባቸው ነበር። በኅዳር የባቄላ ፍሬ የምታህለው በጥር እንቁላል አከለች። አታሳክክም፣ አትላጥም፣ አታምም። ያስፈራቸውም ይኸው አለማመሟ ነው። አንድ እሑድ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ሕዝቡን ደጀ ሰላሙ ላይ ሰብስባ፣ “ነጣ ያለ፣ ሲነኩት የማይሰማ ቆዳ ያለው ሰው ሳይውል ሳያድር ይምጣ። ሥጋ ደዌ በጊዜ ከተደረሰበት ይድናል” ስትል ሰምተዋል። በማግስቱ ከኪዳን ጸሎት ሲመለሱ ደጃፋቸው ላይ ተቀመጡና የመርፌ ጫፍ ምልክቷ ላይ አሳረፉ። ምንም። ጫን አደረጉት። አሁንም ምንም። መርፌውን ቦታው መልሰው ሰኩና እጃቸውን በጨርቅ ጠቀለሉ።

ይድናል መባሉን አልረሱትም። ለመዳን ግን መጀመሪያ ለሰው መናገር ነበረባቸው።

ለማን ይናገሩ? ባለቤታቸው ተናኘወርቅ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏል። ሚስቱ የሞተችበት ቄስ ሌላ አያገባም። ልጅም አልወለዱም። ከዚያ ወዲህ ከሰው ጋር የሚያነካካቸው መስቀሉ ብቻ ነበር፤ ተሳላሚው ግንባሩን አስነክቶ ቀና ሲል ጣታቸው ላይ የምታርፍ ትንፋሽ። አሁን እሷም ቀረች። አንዳንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አጥሩ ሥር ፀሐይ እየሞቁ ሳሉ፣ ግራ እጃቸው ቀኙን የእንግዳ እጅ ይመስል አጥብቆ ይዞት ያገኙታል።

በመጨረሻ ያፋጠጠቻቸው ጠጄ ናት። ጠጄ የበግ ጠጉር ፈትላ፣ ባና የሚባለውን የጠጉር ብርድ ልብስ ለሚሠሩ ሸማኔዎች የምትሸጥ ጎረቤታቸው ናት፤ የንስሐ ልጃቸውም ናት። አንድ ጠዋት አጥሩ በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው።

“አባቴ፣ መስቀልዎን ሸጡት እንዴ?”

“በስመ አብ! ምን ማለትሽ ነው?”

“ታዲያ የት ገባ? ድሮ እኮ በጎቼን ሳይቀር ያሳልሙልኝ ነበር።”

“ቁርጥማቱ ነው፣ ጠጄ…”

“ቁርጥማቱ ሰው ሲያይ ብቻ ነው የሚነሣው? ትናንት ጓሮ ሲቆፍሩ አይቼዎታለሁ። ከጎረምሳ ይሻላሉ።” ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። “በፍልሰታ የነገርኩዎ ነገር ነው፣ አይደል? እሱ ነው ያስጸየፈዎ? እንደዚያ ከሆነ ይንገሩኝና ሌላ የንስሐ አባት ልያዝ።”

ምን እንደነገረቻቸው እንኳ አላስታወሱም። እሷም መልስ ሳትጠብቅ ሄደች።

በማግስቱ ብቻቸውን ወደ ቀየት ከተማ ወረዱ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለቻቸው ትሕትና የምትባል ወጣት ነርስ ናት። ጨርቁን ራሳቸው ፈትተው እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት፤ ሰው የላከውን ዕቃ የሚያደርሱ ይመስሉ ነበር። ነርሷ ጥጥ በቀጭኑ ጠቀለለች።

“ዓይንዎን ይጨፍኑ፣ አባ። ሲነካዎ ‘እዚህ’ ይበሉ።”

ጨፈኑ። እኩለ ቀን ነበርና ቆርቆሮው ቤቱን አሙቆታል። ምንም እንደማይሰማቸው አውቀው ተቀመጡ። የሆነ ነገር እንደ ዝንብ እግር ዳሰሳቸው።

“እዚህ” አሉ በጥርጣሬ። ቆይተው፣ “እዚህ።” አሁንም፣ “እዚህ።”

“ሦስቱም ምልክቱ ላይ ናቸው።”

“አይሆንም! በመርፌ ሞክሬዋለሁ።”

“መቼ?”

“ከኪዳን መልስ። በኅዳር።”

ትሕትና ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። “በዚያ ውርጭ? ኧረ አባ! በዚያ ሰዓት የመንዝ ሰው አፍንጫው ቢቆረጥ አይሰማውም እኮ!”

ክንዳቸውን፣ ጀርባቸውን፣ እግራቸውን ሁሉ ካየች በኋላ ወንበሯን አስጠጋች።

“ቆዳችን ንብርብር ነው። የላይኛው ንብርብር ገጹ እየሞተ ይራገፋል፣ ከሥሩ አዲስ ይተካዋል። እዚያው ግርጌው ላይ ቀለም የሚሰጡ ሕዋሳት አሉ፤ እርስዎ ላይ የጠፉት እነሱ ናቸው። ነርቩ፣ የደም ሥሩ፣ ላብ የሚያመነጨው ደግሞ በአብዛኛው ከዚያ ጠለቅ ብሎ ነው ያለው። እሱ አልተነካም። ይኼ ለምጽ ነው እንጂ ሥጋ ደዌ አይደለም። ሰው ላይ አይጋባም።”

“ይድናል?”

“ላይድን ይችላል። ሊሰፋም ይችላል። የሚቀባ መድኃኒት ስላለ ወደ ሐኪም እልክዎታለሁ። ቀለሙ ከፀሐይ ይከላከልልዎት ነበር፤ አሁን ቶሎ ስለሚቃጠል ፀሐይ ላይ ይሸፍኑት።”

“ከሰውስ?”

“ከሰው ምን አድርጎ?” አለች ገርሟት።

ዳገቱን ሲወጡ ደስታውን ጠበቁት። አልመጣም። ሁለት ወር ሙሉ ሞታቸውን ብቻቸውን ሲያስቡ ኖረው፣ አሁን ደግሞ አለመሞታቸውን ብቻቸውን ይዘው ይሄዱ ነበር።

ጠጄ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ትፈትላለች። ስታያቸው ፊቷን አዞረች። አጠገቧ ደርሰው መስቀሉን ከጋቢያቸው ሥር አወጡ። ጨርቁ የለም።

ልትሳለም ጎንበስ ስትል አየችው።

“ይኼ ነው?”

“ይኼ ነው። ሥጋ ደዌ መስሎኝ ነበር። አይደለም አሉኝ፤ አይጋባም።”

“ሁለት ወር ሙሉ?”

“ሁለት ወር ሙሉ።”

“እኔ እኮ እንቅልፍ አጣሁ!” አለች ተቆጥታ። መስቀሉን ቸኩላ ተሳለመች። ከዚያ እንዝርቷን ጭኗ ላይ ጣለችና እጃቸውን ጎትታ ወደ ብርሃኑ አቀረበችው። በጠጉር ቅባት የወዛ አውራ ጣቷን በምራቋ አርሳ፣ የሕፃን ጉንጭ ላይ ዱቄት እንደምትጠርግ ሁሉ ነጩን አሸችው። አየችው። ደግማ አሸችው።

“አይጠፋም እንዴ?”

እንደማይጠፋ ቄስ ወልደ ጻድቅ ያውቃሉ።

“እስቲ ጠንከር አድርገሽ እሺው” አሉ።