በአንድ እግር የቆሙት ወፎች

ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ የሱቅ ታፔላ እየጻፍኩ ነው የምኖረው። የሰው ውሸት ቀብቼ አላውቅም ብዬ አልመጻደቅም፤ «ኦሪጅናል» ብዬ የጻፍኩለት ሱቅ ምን እንደሚሸጥ አውቃለሁ። የጊጊሪው ግን ሌላ ነው።

ነገሩን ያመጣው የአክስቴ ልጅ ይገዙ ነው። ጊጊሪ የሚባል ሰፈር አንድ የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት ውስጥ ይሠራል። ከሞምባሳ ወዲያ፣ የባሕር ወፎች በየዓመቱ እንቁላል የሚጥሉባት አንዲት የአሸዋ ደሴት አለች፤ ለሆቴል ጀልባ ማቆሚያ ልትቆፈር ነው አለኝ። ወፎቹ ወደ ሌላ ደሴት መዛወር አለባቸው። ግን መሰሎቻቸውን ካላዩ ባዶ ቦታ አያርፉም። ስለዚህ የእንጨት ወፎች ይተከላሉ፣ የወፍ ድምፅ በስፒከር ይለቀቃል፣ እውነተኞቹም ወገን አለ ብለው ይወርዳሉ። አዲሱ ደሴት ላይ መስፈራቸው ሳይረጋገጥ አሮጌው አይነካም፣ ውሉ እንደዚያ ነው ብሎ ማለልኝና የእንጨት ወፎቹን እንድሠራ ጠየቀኝ።

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ። እኔስ ናይሮቢ የገባሁ ቀን አበሻ የት ነው ያለው ብዬ ጠይቄ አይደል ኢስትሊ የወረድኩት? አናጢው ሱፍዋን መቶ ሃያ ወፍ ጠረበልኝ፤ አካላቸውን ነጭ፣ አናታቸውን ጥቁር ቀባሁ። ቀጭን እግር መሥራት ስላስቸገረን ሆዳቸው ላይ አንድ አንድ ፌሮ ተከልንበት። አንዲት ጫጩት እንኳ ብትተርፍ የኔም እጅ አለበት እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ቀለም ቀለም እየሸተትኩ ከረምኩ።

ከሦስት ወር በኋላ ድርጅቱ የወፎቹን መዛወር ሪፖርት ሲያስመርቅ እኔንም ጠራኝ። ሁለት ማታቱ ታክሲ ቀያይሬ ደረስኩ። አዳራሹ ኮት በኮት ነው። የድርጅቱ ኃላፊ፣ ድምፅዋ ማር የሆነ ፈረንጅ፣ ግድግዳ የሚያክል ፎቶ አሳየችን፤ አዲሱ ደሴት ነጭ በነጭ ሆኗል። መቶ ሃያ ወፎች አዲሱን ቤታቸውን ወደውታል አለች። ደግሞ ሳታፍር፣ በአንድ እግር ቆመው እንዴት ዘና እንዳሉ ልብ በሉ አለች። ጭብጨባው ቀለጠ።

በስመአብ! የኔ ፌሮ ነው።

ይገዙን በክርኔ ጎሸም አድርጌ እውነተኞቹስ የት አሉ አልኩት። አንገቱን ደፍቶ ነገረኝ። ስፒከሩ በሁለተኛው ቀን ተበላሽቶ ማንም አላስጠገነውም። ጥቂት ወፎች መጥተው ከእንጨቶቹ ጎን ቆመው ውለው፣ የሚመልስላቸው ሲያጡ ሄዱ። ባለፈው ሳምንት አሮጌው ደሴት ላይ እንቁላላቸውን ታቅፈው በዓይኑ አይቷቸዋል። ሪፖርቱን የጻፈው ደግሞ ራሱ ነው! ኮንትራቴ ሊያልቅ ነው፣ ልጆቼ ትምህርት ቤት ናቸው እያለ በጆሮዬ ሹክ አለኝ።

«ደግሞስ ወፍ አይደሉ እንዴ ሙሌ? ክንፍ አላቸው።»

«እንቁላሉም ክንፍ አለው?» አልኩት።

ተነሳሁ። ፈቃድም አልጠየቅሁም። እንግሊዝኛውንም ስዋሂሊውንም አደባልቄ፣ እነዚህ እንጨቶች ናቸው፣ የቀባኋቸውም እኔ ነኝ አልኩ። ወፎቹ አሮጌው ደሴት ላይ እንቁላል ታቅፈዋልና ቁፋሮው ይቅር አልኩ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ሳላሳድር አጠራሁት ብዬ መልስ ጠበቅሁ።

አንድም የደነገጠ ፊት አላየሁም። ያስጠላኝ ይሄ ነው። ሁሉም ያውቅ ነበር፤ እኔ ስናገር የሰለቸው እንጂ ያፈረ አልነበረም። ደሴቱን የሚያስቆፍረው የሆቴሉ ሰውዬ ሰዓቱን አየ። ኃላፊዋ ፈገግ ብላ አመሰገነችኝና፣ ሪፖርቱ ስለጸደቀ ቁፋሮው ከትናንት ወዲያ መጀመሩን ነገረችን። የቀረ ጥያቄ ከምሳ በኋላ እንቀበላለን አለች። ሰዉ ወንበሩን እየገፋ ተነሳ።

የይገዙን እጅጌ ያዝኩ።

«እንቁላሎቹስ?»

«እነሱ ሪፖርቱ ውስጥ የሉም» አለኝ። ጣቶቼን ቀስ አድርጎ ከእጅጌው አላቀቀና፣ ሰሃን አንስቶ ተሰለፈ።