የቀለም ባልዲው ሎሚ

«ተመልከቱ፣ አዲስ ቅጠል አውጥቷል!» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ ሌላው ለቀስተኛ እንዳይሰማው አፉን በመዳፉ ከልሎ። «ባለቤቱ ሞቶ እንኳ ሥራውን አላቆመም።»

ልጅቱ የቡና ፔርሙሱን እንደያዘች ቆመች። ሦስቱ የአባቷ ወዳጆች ከሳሎኑ ጥግ፣ አሮጌ የቀለም ባልዲ ውስጥ ከተተከለው የሎሚ ዛፍ አጠገብ ወንበሮቻቸውን ገጥመው ተቀምጠዋል። ዛፉን ከአባቷ ሱቅ ተሸክመው ያመጡት ራሳቸው ናቸው። ሰው ልቅሶ አበባ ይዞ ይመጣል፤ እነዚህ ሎሚ ይዘው መጡ።

«ድምፅህን ቀንስ፣ ልቅሶ ቤት ነው» አሉ ጡረታ የወጡት የጂኦግራፊ መምህርት።

«እሱ ቢኖር ከእኔ በላይ ይጮህ ነበር።»

ሦስተኛው ሰውዬ መኪና መንዳት ያስተምራል። ቀኑን ሙሉ «ፍሬን! ፍሬን!» እያለ ሲጮህ ስለሚውል ስሙን የሚያውቀው የለም፣ ሁሉም ፍሬን ነው የሚለው። አራተኛቸው አባቷ፣ መነጽር ሠሪው፣ ነበር። አራቱ ጥሪታቸውን አሟጠው የማዳበሪያ ማዕድን አወጣለሁ ብሎ ከተነሳ ከአንድ ትንሽ ኩባንያ ሼር ገዝተዋል። ኩባንያው ይቆፍራል ይባላል፤ እስካሁን ከመሬት ያወጣው ግን ተስፋ ብቻ ነው። አሁን አንድ ትልቅ ኩባንያ መጥቶ ትንሹን ልጠቅልለው ብሏል። ዋጋው እነሱ የገዙበትን ግማሽ አይሞላም፤ መሸጥ የሚፈልግ ደግሞ እስከ ነገ ማታ ማሳወቅ አለበት።

«ነገ ካመለጠን ወረቀት ታቅፈን ነው የምንቀረው» አሉ መምህርቷ።

«እኔም እንሽጥ ባይ ነኝ» አለ ፍሬን። «ገደሉን እያየሁ ነዳጅ አልሰጥም።»

«አብረን ገባን፣ አብረን እንወጣለን ተባብለናል» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «እኔ ደግሞ አልሸጥም። የሱቄን ክፍል ልገዛበት ያጠራቀምኩትን ነው ያስገባሁት። ባለቤቱ ወይ ግዛ ወይ ልቀቅ ብሎኛል። በግማሹ ምን ልሠራ ነው? ይኸው ዛፉ! የእነሱን ድንጋይ በልቶ አይደለም እንዴ እንዲህ የወዛው? እኔ ያየሁትን ነው የማምነው።» ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞረ። «አንቺ ልጅ፣ የመጨረሻዋን ቃል የሚናገረው ሁልጊዜ አባትሽ ነበር። ምን ይል ነበር?»

«ቡና ልጨምርላችሁ?» አለች።

መቀመጥ አልሆንላት ብሏል። ቀብሩ ካለፈ ጀምሮ የታጠበ ስኒ ታጥባለች፣ ያልተንኳኳ በር ትከፍታለች፣ ወንበር ከአንድ ግድግዳ ወደ ሌላው ታዞራለች። ዘመዶቿ «የዚህች ልጅ እንባ የት ገባ?» ሲባባሉ ሰምታለች። እሷም አታውቅም።

አባቷ ክፉ ነገር ከአፉ የማይወጣ ሰው ነበር። ደግነት ብቻ አልነበረም፣ አይችልበትም። የማይሆናት የመነጽር ክፈፍ መርጣ መስታወት ፊት ለቆመች ደንበኛ «ግንባርሽን ከፍ አደረገው» ይላል። እናቷ «ይሄ ሰው እባብን እንኳ ረጅም ነህ ብሎ አያስቀይምም» እያለች ትስቅበት ነበር። ከባለአክሲዮኖች ስብሰባ የማዕድኑን የተፈጨ ናሙና በከረጢት ይዞ የመጣ ዕለት፣ ሙሽራ ያመጣ ይመስል መንደሩን ሁሉ ጠርቶ አሳየ። ዱቄቱን ለሎሚው እንደሚያበላ አወጀ። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቹ ሳምንት በሳምንት ሱቁ ይሰበሰባሉ። ፀጉር አስተካካዩ ከኪሱ ማበጠሪያ አውጥቶ ቅጠሎቹን በጥርሶቹ ይለካል፤ «ሁለት ጥርስ ጨምሯል!» ይላል፤ ሁሉም ደስ ብሏቸው ይበተናሉ። አባቷ ያኔ ምን ይል እንደነበር አሁን ለማስታወስ ሞከረች። ምንም አይልም ነበር። ጨርቁን አንስቶ የተወለወለ መነጽር ይወለውላል።

«ይልቅ ከዚያ ዱቄት የተረፈ ካለ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጊለት» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሰሞኑን ያስታወሰው የለም፣ ምስኪን።»

የምትሠራው በማግኘቷ ደስ ብሏት ወደ ዕቃ ቤት ሄደች። ከረጢቱ ከአሮጌ ሻንጣ ጀርባ ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ለዛፉ ሲቀነስ የኖረ ስለመሰላት አንጠልጥላ ልታነሳው ብላ እጇ ወደ ታች ተጎተተ። ሙሉ ነው። ዱቄቱ እርጥበት ገብቶት ድንጋይ ሆኗል። ከላይ ትንሽ ብቻ ተጭሯል።

ከረጢቱን አቅፋ እናቷ ወደተኛችበት ክፍል ገባች።

«እማዬ፣ ይሄ አልተነካም እኮ።»

እናቷ ቀና ብላ አየችው። «በሩን ዝጊ» አለች። ትንሽ ቆይታ ደግሞ፣ «ያ ዛፍ ሁለተኛው ነው።»

«የምን ሁለተኛ?»

«የመጀመሪያው ሞቷል። ሦስት ማንኪያ ጨመረለት፣ አፈሩ ላይ እንደ ጨው ነጭ ነገር ወጣበት፣ ቅጠሉ እሳት እንደነካው ሆኖ ረገፈ። እሱ አበዛው፣ ዱቄቱ አልተጣራም ነበር፣ እንጃ። ፀጉር አስተካካዩ ገንዘቡን ካስገባ ሳምንት አልሞላውም። አባትሽ ችግኝ ጣቢያ ሄዶ በቁመት የሚመስለውን ፈልጎ እዚያው ባልዲ ውስጥ ተከለው። ‹ዛሬ እነግረዋለሁ› ብሎ ይወጣል፣ ‹ነገ› ብሎ ይገባል። ያ ዛፍ ከውሃ በቀር የቀመሰው ነገር የለም።»

«ታዲያ የዳቦ ጋጋሪዋን ሼር ለምን ገዛ?»

አምና ነው። ዳቦ ጋጋሪዋ ባሏ ታሞባት ሼሯን ልትሸጥ ብትዞር የሚገዛ ጠፋ። አባቷ በገዛችበት ዋጋ ወሰደላት። ወዳጆቹ «እሱ ከጨመረማ ያወቀው ነገር አለ!» ብለው ተንጫጩ፤ ፀጉር አስተካካዩም ካለችው ላይ ጨመረ።

«አፍሮ ነዋ» አለች እናቷ። «አፍሮ ነው የገዛላት። እነሱ ደግሞ ሀፍረቱ እምነት መሰላቸው። ያን ሌሊት አልተኛም።»

ልጅቱ ከረጢቱን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረችው።

«ልነግራቸው ነው።»

«የመቃብሩ አፈር ሳይደርቅ አባትሽን ቀጣፊ ልታሰኚው?»

«ነገ ማታ ያበቃል እኮ፣ እማዬ! ፀጉር አስተካካዩ ዛፍ አይቶ ሱቁን ሊያጣ ነው።»

እናቷ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠቀለለችው፣ ፈታችው። «እሱ ሁለት ዓመት ያቃተውን አንቺ በየት አፍሽ ትናገሪዋለሽ?» አለች። አትናገሪ ግን አላለችም።

በየት አፏ እንደምትናገረው ሳታውቅ ወጣች። ከረጢቱን ባልዲው አጠገብ ዱብ አደረገችው።

«ጋሼ፣ አንሳው እስቲ» አለችው ፀጉር አስተካካዩን።

አነሳው። ክብደቱ ሲሰማው ፊቱ ተለወጠ። እሷም ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ሳታሳምር። የመጀመሪያውን ዛፍ፣ ሁለተኛውን፣ የዳቦ ጋጋሪዋን ሼር። ሌሎች ለቀስተኞች ወሬያቸውን አቁመው ያዳምጡ ጀመር። እሷ ግን አላቋረጠችም፤ ብታቋርጥ ዳግመኛ እንደማትጀምር ታውቃለች።

«እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» አሉ መምህርቷ ቀስ ብለው።

«ሁለት ዓመት ሙሉ» አለ ፀጉር አስተካካዩ። «ሁለት ዓመት በማበጠሪያዬ ስለካ ቆሞ ያየኝ ነበር። ሳቀብኝ!»

«አልሳቀብህም ጋሼ። ፈርቶ ነው። ደስታህን ሲያይ መናገር ፈራ።»

«ሙት ወቃሽ አያድርገኝ!» ብሎ ተነሳ። የተቀዳለትን ቡና ሳይነካ ወጣ።

በማግስቱ አመሻሽ ላይ ፍሬን ብቻውን መጣ። «ሸጥን» አለ በጆሮዋ። «ሦስታችንም። ፀጉር አስተካካዩ ፈርሞ ቶሎ ወጣ። የተረፈውን ለሱቁ ባለቤት ቀብድ ይሰጠዋል መሰለኝ፣ ይቀበለው አይቀበለው እንጃ።»

«ይመጣል ወይ?»

ፍሬን ትከሻውን ነቀነቀ።

ሱቁ ቢተርፍም ባይተርፍም ፀጉር አስተካካዩ ወረቀት ታቅፎ አልቀረም ማለት ነው። ዕረፍት ግን አላገኘችም። የኮቴ ድምፅ በሰማች ቁጥር ወደ በሩ ትሄዳለች፤ የሩቅ ዘመድ ሆኖ ታገኘዋለች፣ ወይም ማንም አይሆንም። የአባቷን ወዳጅ ከአባቷ ላይ የቀማችው እሷ ናት። ልክ ነበርኩ ትላለች፣ መልሳ ደግሞ ምናለ ዝም ብል ትላለች። እናቷ አልወቀሰቻትም፤ እሱ ነው የባሰባት። «የሚመጣ ሰው በር ስታዪለት ስለዋልሽ አይፈጥንም» ብቻ አለቻት።

የልቅሶው የመጨረሻ ቀን፣ የወንበር አከራዩ ሠራተኞች ወንበሮቹን እየደራረቡ ሲያወጡ ፀጉር አስተካካዩ በሩ ላይ ቆመ። ከሥራ በቀጥታ ነው የመጣው፤ እጅጌው ላይ የሰው ፀጉር ተለጥፏል። ሰላም አላላትም። ያልተነሳችውን አንዲት ወንበር ስቦ ከሎሚው አጠገብ ተቀመጠ።

ቡናው አልቆ ነበር። በብርጭቆ ውሃ ቀድታ ሰጠችው።

ሎሚው ጠውልጓል። በግርግሩ መሀል ውሃ ያስታወሰለት አልነበረም፤ ያ አዲስ ቅጠል ራሱ ተጠቅልሎ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልማዱ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰዶ ማበጠሪያውን አወጣ። ቅጠሉ ዘንድ ሊያደርሰው ሲል ቆመ፣ መልሶ ከተተው።

«ውሃ ብቻ ነው ያልሽኝ?» አለ፣ ሳያያት።

«ውሃ ብቻ።»

ብርጭቆውን አንስቶ ግማሹን ጠጣ። የቀረውን ጎንበስ ብሎ፣ የደንበኛ አንገት የሚያረጥብ ይመስል ቀስ እያለ፣ የዛፉ ሥር ዙሪያውን አፈሰሰው። ደረቁ አፈር በአንድ ጊዜ ጠጣው።

«አይበቃውም» አለ። ድምፁ ተሰበረ።

ልጅቱ ባዶውን ብርጭቆ ከእጁ ተቀብላ ወደ ማጀት ሄደች። ቧንቧውን ከፈተች። ብርጭቆው ሞልቶ በጣቶቿ ላይ ሲፈስ እንኳ አልዘጋችውም፤ እስካሁን እንቢ ያለው እንባዋ መጥቶ ዓይኗን ጋርዷታል። በእጅጌዋ ጠረገችው፤ ውሃው እንዳይፈስባት ብርጭቆውን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ሳሎን ተመለሰች።