ትንፋሿን ስትይዝ

ልብስ ሰፊውን ሰፈሩ ሁሉ «ሜትሮ» ይለዋል፤ የመለኪያ ጥብጣቡን ከአንገቱ አውርዶ አያውቅማ። ሐኪሞቹ የታመመ አንጀቱን ቆርጠው ጫፉን በሆዱ በኩል ካወጡለት ወዲህ ግን ጥብጣቡም መቀሱም አንድ ሆነውበታል። ሆዱ ላይ የተለጠፈው የሰገራ ከረጢት ይሞላል፣ ይደፋል፣ ይቀየራል። እሱ ምንም አይመስለውም። ደንበኛ ሲስቅ አብሮ ይስቃል፣ ሲቀርብለት ይበላል፤ መኖር ከተባለ ይኖራል።

ከረጢቱን የምትቀይርለት ሚስቱ ናት። እሷ እንኳን ከሰው፣ ከምትልጠው ሽንኩርት ጋር የምታወራ ሴት ናት። ለመቀየር ስትንበረከክ ግን ጭጭ ትላለች። ትንፋሿን ይዛ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ አሮጌውን በቀስታ ታነሳለች፤ ዙሪያውን ለብ ባለ ውሃ ጠርጋ፣ አድርቃ፣ አዲሱን ትለጥፋለች። ከዚያ ሳትናገር በረንዳ ላይ ወጥታ ትቆያለች።

ሸትቻታለሁ ማለት ነው፣ ብሎ ደመደመ ሜትሮ። አልፈረደባትም። ብርድ ልብሱን ይዞ ሳሎን መተኛት ጀመረ፤ እሷም ለምን አላለችውም። ዛሬ ግን አሮጌውን ከረጢት ማንሳት ስትጀምር ቁርጡን ነገራት።

«ከእንግዲህ ሆስፒታል ነርሷ ጋ እየሄድኩ እቀይራለሁ።»

እጇ ባለበት ቀረ። «ምን አጠፋሁ?»

«ምንም። ትንፋሽሽን ይዘሽ እስከ መቼ ትችይዋለሽ?»

«እንዴት አልይዝ? እጄ ቢንቀጠቀጥብኝስ? እንዲህ ቀልቶ እያየሁት! አንተ እንደሆንክ ብትታረድም አመመኝ አትል!»

ሜትሮ ጎንበስ ብሎ አየ። እስከ ዛሬ ሲቀየርለት ጣሪያውን እንጂ ሆዱን አይቶ አያውቅም። ቀይዋን፣ እርጥቧን የአንጀት ጫፍ በጣቱ ነካት።

«አያምም» አለ። «ስሜት ያለው ቆዳው ነው እንጂ እሷ የላትም። ነርሷ ያኔ ሆስፒታል እያለሁ ነግራኛለች።»

«ለእኔስ ማን ነገረኝ?»

በረንዳ ላይ ምን ስታደርግ እንደምትቆይ አሁን ገና ገባው። አፈረ፤ ከሆስፒታል ከወጣ ወዲህ ከልቡ የተሰማው የመጀመሪያው ነገር ይሄ ሀፍረት ነው።

«ድንጋይ!» አለችው፣ እንባዋን በክንዷ እየጠረገች። «በቀየርኩ ቁጥር የማርድህ እየመሰለኝ! ሳሎን ስትተኛ እኮ እጄን የሸሸኸው መስሎኝ ነበር።»