ለዚህ ቴሌቪዥን አልተፈቀደም

ልብስ ሰፊዋ ከሥራ ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቴሌቪዥኑን ከፈተች። ባሏ ካረፈ ወዲህ ልማዷ ነው፤ በደኅናው ቀን የተቀረጹትን ቪዲዮዎች አንድ ሁለቱን ታያለች፣ ትስቃለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ እህል ትቀምሳለች። ቪዲዮዎቹ ያሉት ፎቅ ላይ በምትኖረው ልጇ ቤት፣ መደርደሪያ ላይ በተቀመጠች ትንሽ የፋይል ማከማቻ ሣጥን ውስጥ ነው። ታች ያለው የእናትየው ቴሌቪዥን በዋይፋይ ከሣጥኑ እየሳበ ያሳያል።

የዚያን ቀን የልጅ ልጆቿ ካርቱን አለ፣ የልጇ ሠርግ አለ። የባሏ ቪዲዮዎች ላይ ግን የቁልፍ ምልክት ተለጥፏል። ስትጫነው ነጭ ጽሑፍ ብቅ አለ፦ «ለዚህ ቴሌቪዥን አልተፈቀደም።»

«የዳኛ ያለህ!» አለች ለባዶው ቤት።

ደረጃውን እንዴት እንደወጣችው አታውቅም። ልጇ በሩን ከፍታ ስታያት ነገሩ ወዲያው ገባት።

«እማዬ፣ ለአንቺው ብዬ ነው። በየምሽቱ እያለቀስሽ ዓይንሽ ሊጠፋ ነው።»

«ዕድሜዬን ሙሉ አብሬው የኖርኩት እኔ፣ ፈቃጅ ከልካይዋ አንቺ? እንባዬን በስፍር ልትሰጪኝ ነው?»

«እሺ በቃ፣ በሳምንት አንድ ቀን እከፍትልሻለሁ» አለች ልጅቷ ስልኳን እያነሳች።

«በሳምንት አንድ ቀን? አባትሽን እስር ቤት ነው እንዴ የምጠይቀው?»

እናትየው ወደ መደርደሪያው ሄዳ ገመዱን መዥረጥ አድርጋ ነቀለችና ሣጥኑን እንደ ጨርቅ ጥቅል ብብቷ ውስጥ ወሸቀችው። ልጇ ተንደርድራ በሩ ላይ ቆመች።

«የአባዬ ድምፅ ወለሉን ሰንጥቆ ይመጣብኛል!» ስትል ጮኸች። «ጆሮዬን በትራስ ደፍኜ ነው የማመሸው። አንቺ አልቅሰሽ ይወጣልሻል፤ እኔ አልቻልኩም።»

እናት ቀጥ ብላ ቆመች። ማዘኗ አልቀረም፤ ንዴቷ ግን ባሰ።

«ይሄን ከመጀመሪያው ብትነግሪኝ ምን ነበረበት? ድምፁን እቀንስልሽ አልነበር? የታመምሽው አንቺ፣ መድኃኒቱን የጋትሽው እኔን!»

ልጅቷ ከበሩ ገለል አለች። እናቷ ሣጥኑን አስቀመጠች፤ ግን ከአጠገቡ አልተነቃነቀችም።

«ገመዱን ሰኪውና ፓስዎርዱን የምቀይርበትን አሳዪኝ። ከእንግዲህ የሚከፍተውም የሚዘጋውም የእኔ እጅ ነው።»

አሳየቻት። እናትየው ጀርባዋን ሰጥታ አዲሱን ፓስዎርድ አንድ በአንድ ጻፈች።

ከዚያ ምሽት ጀምሮ ባሏን በጆሮ ማዳመጫ ትሰማው ጀመር። በማግስቱ ልጇ ወርዳ በሩን ብታንኳኳ፣ «ገና አልበረደልኝም፤ ሲበርድልኝ እጠራሻለሁ» ብላ መለሰቻት።

ሰነባብታ ጠራቻት። ፊቷ አሁንም አልተፈታም።

«ነይ ግቢ» አለቻት። «አባትሽ አንቺን ሲቆጣ የተቀረጸ አግኝቻለሁ። እሱን ቁጭ ብለሽ ታያለሽ።»

ልጅቷ ገብታ ተቀመጠች።