ሰማያዊዋን ነጥብ አጥፋልኝ

ልጄ ከባሏ ቤት ስትወጣ ይዛ የወጣችው ልጇን፣ አንድ ሻንጣ ልብስና መኪናዋን ነው። መኪናዋን የገዛላት እሱ ነው። ያን ቀን ሠፈሩ ሁሉ መረቀው፤ እኔም አብሬ መረቅሁት። ከስልክ ጋር የምትነጋገር መኪና ናት። በስልክ ነካ ሲያደርጓት በሯ ይቆለፋል፣ ሞተሯ ይነሣል፣ የት እንደቆመችም ካርታ ላይ በሰማያዊ ነጥብ ትታያለች።

ያችን ነጥብ በእኔም ስልክ ላይ ያስገባልኝ እሱው ነበር። እንግዲህ እማማ አይጨነቁም፣ ልጅዎ የት እንዳለች ቁጭ ብለው ያያሉ አለኝ። ጭንቀት ደግሞ እናቴ ያወረሰችኝ ብቸኛ ንብረት ነው። ልጄ አሥር ደቂቃ ከዘገየች የሚታየኝ አምቡላንስ ነው። ሠላሳ ዓመት የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ፣ እሷ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ መርፌው ስንት ጊዜ ጣቴን እንደወጋው እኔ ነኝ የማውቀው።

ነጥቧ ለእሱ ምን እንደምትሠራለት ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ልጄ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሥራ ከወጣሽ በኋላ ሃያ ደቂቃ ከማን ጋር ቆምሽ ይላታል። እኔ ቤት ጎራ ስትል እንኳ ደቂቃውን ይዞ ይጠብቃታል። አንድ ቀን ተቆጥቶ ሞተሯ እንዳይነሣ በስልኩ ዘጋባትና፣ ሚጢጢ የትምህርት ቤቱ በር ላይ ብቻዋን ቆማ ቀረች። ሚጢጢ የምንላት የሰባት ዓመት ልጃቸውን ነው። ለጎረቤት ግን ተነሥቶ ወንበር የሚለቅ ሰው ነው፤ የቤት ቀጋ የውጭ አልጋ። እጁን ያነሣባት ቀን ወጣች።

ከከተማው ወዲያኛው ጫፍ ሁለት ክፍል ቤት ተከራየች። ፋርማሲዋንም ቀየረች። ከዚያ በፊት ግን መኪናዋን ይዘን መካኒኩ ዘንድ ሄድን። ካቻቢቴ ጆሮው ላይ ደግኖ ሞተር ስለሚያዳምጥ "ሐኪሙ" የምንለው ሰው ነው።

"ድሮ መኪና የሚጠጣው ቤንዚን ብቻ ነበር፣ እናቴ" አለኝ። "ያሁኑ ወሬም ይጠጣል።"

ሁለት መንገድ አለ አለን። አንዱ የባሏን ስልክ ከመኪናዋ ላይ መሰረዝ ነው። ሌላው ከመሪው ሥር ተደብቆ በኔትወርክ የሚያወራውን ትንሽ ሣጥን ጭራሹን መንቀል። ልጄ ንቀለው አለች።

የከለከልሁት እኔ ነኝ። ሣጥኑ ከተነቀለ የእኔም ነጥብ ትጠፋለች። የሐኪሙን እጅ ይዤ፣ እናት ብታያት ማን ይጎዳል ብዬ ለመንሁት። ልጄ ደክሟት ስለነበር አልተሟገተችኝም።

"በቃ፣ ለእማዬ ሲባል ይቅር" አለች።

ሐኪሙ የባሏን ስልክ ብቻ ሰረዘ።

ሦስት ሳምንት በሰላም ሄደ። ቅዳሜ ቀን ምሳ ልበላ እነሱ ዘንድ ሄድሁ። ስልኬን ከደረቴ አላወርድ ብዬ ሚጢጢ ስታላግጥብኝ ነበር። "አያቴ፣ ስልክሽ ሕፃን ነው እንዴ? እዘይውና ይለይለት" ትለኛለች። እየሣቅን ሳለ ግቢ ውስጥ የቆመችው መኪና ጮኸች። ማንም የለባትም። ቁልፏ ግድግዳው ላይ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። መብራቷ በራ፣ ጠፋ፤ ደግማ ጮኸች፤ ሦስተኛም ጮኸች።

ልጄ ማንኪያዋን ቀስ ብላ አስቀመጠች። ተነሥታ መጋረጃውን ዘጋች፣ ሚጢጢን ወደ ጓዳ አስገባች። ወዲያው የእኔ ስልክ ጠራ። እሱ ነው።

"እማማ፣ እንዴት ዋሉ? አዲሱ ግቢ ሰፊ ነው አይደል? ለሚጢጢ መሮጫ ይሆናታል።"

ድምፁ ማር ነው። ስልኩን ዘጋሁት።

ሐኪሙን ጠራነው፤ ሥራውን ጥሎ መጣ። መኪናዋን ትቶ መጀመሪያ የእኔን ስልክ ተቀበለኝ። ነካ ነካ አደረገው። ለካ የእኔን ነጥብ አማቼ የከፈተልኝ በራሱ ስም ነው። የእኔ ስልክ መኪናዋ ላይ እስካለ ድረስ እሱም ከኋላዬ አለ፤ የማየውን ያያል፣ መኪናዋንም ያዛል። በሩን ዘግተን ቁልፉን እርስዎ ዘንድ ተውን፣ የእርስዎ ቁልፍ ደግሞ የእሱ ነው አለኝ። ማየት የነበረብኝ እኔ ነኝ ብሎ ጥፋቱን ወደ ራሱ ሊወስድ ሞከረ። ልብስ ሰፊ ነኝና ገባኝ። ላዩን ቀድጄ ጥዬ፣ ገበሩን ለብሼ ነበር የምዞረው።

ፖሊስ ጣቢያም ሄድን። መዝጋቢው መኪናሽ ጮኸች ብዬ ነው ክስ የምጽፈው ብሎ ፈገግ አለ። የልጄን ፊት ሲያይ ግን ብዕሩን አነሣና ጻፈ። መጻፉ ደግ ነው፤ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ሰውየው ግቢውን አውቆታል። በዚያኑ ቀን ዕቃቸውን መሸከፍ ጀመሩ።

ሐኪሙ ከመሪው ሥር ተንጋልሎ እየፈታ፣ "እናቴ፣ ልንቀለው?" ብሎ ጠየቀኝ። መጠየቅ አልነበረበትም፤ አክብሮኝ ነው።

"ንቀለው" አልሁት። "ነጥቧንም ከስልኬ አጥፋልኝ።"

የክብሪት ቀፎ የምታህል ነገር መዳፌ ላይ አኖረልኝ። ስልኬ ላይ መንገዶቹ አሉ፤ ነጥቧ ግን የለችም።

ልጄ ሻንጣውን ጭና ስትጨርስ መጥታ አቀፈችኝ። አዲሱን ቤት ልትነግረኝ አፏን ጆሮዬ ላይ አደረገች። በእጄ ከደንሁት።

"አትንገሪኝ። ካወቅሁ አላርፍም፤ ካላረፍሁ እመጣለሁ፤ ከመጣሁ ይከተለኛል።"

ከዚያ ሁሉ ጉድ በኋላ ስታለቅስ ያየኋት ያኔ ነው። "እማዬ፣ አንቺ እንዴት ትችይዋለሽ?" አለች።

"ሆድ ይፍጀው" አልኋት።

እሑድ እሑድ ከሰው ስልክ ትደውላለች። ደህና ነን ትላለች፤ ሚጢጢ አንድ ጥርሷ ወለቀ ትላለች፤ ትዘጋለች። የት ሠፈር፣ የት መንገድ፣ አልጠይቅም። በቀረው ስድስት ቀን የሆነች መኪና ደጅ ላይ በቆመች ቁጥር ብድግ እላለሁ።

ባለፈው ሳምንት እሱ ደጄ ድረስ መጣ። ጫማውን በር ላይ አውልቆ ገባ፤ እንደ ድሮው ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ አለ። እማማ ይንገሩኝ፣ የት ናቸው አለ።

"አላውቅም" አልሁት።

ዓይኔን ለረጅም ጊዜ አየው። እኔም አላሸሸሁም፤ የምደብቀው አልነበረኝም። ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

አሁን ለሚጢጢ የትምህርት ቤት ሸሚዝ እየሰፋሁላት ነው። የአዲሱን ትምህርት ቤት ቀለም ስለማላውቅ ነጭ አደረግሁት፤ ነጭ ከሁሉም ጋር ይሄዳል። እጅጌውንም ሦስት ጣት ትርፍ አጥፌ ተውሁለት። እስክንገናኝ ታድጋለች።