ጉልናር ብረቷን ሳታወልቅ

ቁም ጸሐፊ ለመሆን አንድ ደህና ጉልበት ይበቃል። ይህን ያሉት ጽሕፈት ያስተማሩኝ መምህሬ ናቸው። አምስተኛ ክፍልን እንደጨረስኩ አባቴ ላሆር፣ ኡርዱ ባዛር ውስጥ ወዳለው ሱቃቸው ወሰደኝና ቀኝ እግሬን በልጅነቴ ልምሻ እንደመታው በሹክሹክታ ነገራቸው፤ እኔ እንዳልሰማ መሆኑ ነው። መምህሬ ግን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ "ሰሌዳው የሚደገፈው በግራ ጉልበት ነው። ግራውስ እንዴት ነው?" አሉ። ግራው ደህና ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንጣፍ ላይ ተቀምጬ፣ ግራ ጉልበቴን አቁሜ፣ ሰሌዳውን አስደግፌ፣ በመቃ ብዕር የሰው ቃል እጽፋለሁ። ደራሲዎች የሚልኩትን ረቂቅ በጥሩ እጅ ቢጫ ወረቀት ላይ እገለብጣለሁ፤ ማተሚያ ቤቱ ያንኑ ጽሑፌን እንዳለ ያትመዋል። አንባቢዋ የምታየው እያንዳንዱ ፊደል ከእጄ የወጣ ነው። ሐሳቡ ግን አንዱም የእኔ አይደለም። "ያየኸውን ጻፍ፤ ያሰብከውን ለራስህ ያዝ" ይሉኝ ነበር መምህሬ። ሥራ ከያዝኩ ወዲህ ስምንት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አደረግሁ። ፊደል አልገደፍኩም፣ መስመር አልዘለልኩም፣ የራሴን አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

የምጽፈው ለሴቶች ወርሃዊ መጽሔት ነው። አብዛኛው የፍቅር ልብ ወለድ ነው፣ በየወሩ እየተቆረጠ የሚቀጥል። አካሉ የጎደለ ሰው በታሪኮቹ ውስጥ ሞልቷል። ዓይነ ስውሩ በመጨረሻው ክፍል ዓይኑ ይበራለታል። መራመድ የማትችለው ልጅ ወይ ትድናለች፣ ወይ በምትወደው ሰው እቅፍ ትሞታለች። እንደ ነበረ ሆኖ ያገባ ሰው በብዕሬ ሥር አልፎ አያውቅም። እኔም ሃያ አራት ዓመት ሞልቶኝ፣ ይህን ነገር እንደ ደንብ ተቀብዬው ነበር።

አንድ ቀን አዘጋጃችን ኒያዚ ሳሂብ፣ አቶ ኒያዚ እንደማለት ነው፣ አንድ ፖስታ ሰሌዳዬ ላይ ጣሉልኝ። "አዲስ ደራሲ ናት። እጅ ጽሑፏ የዶሮ ጭረት ይመስላል። አንተ ታነበዋለህ" አሉ።

ደራሲዋ ስሟን አልጻፈችም። "ቢንት ረህማት" ይላል፤ የረህማት ልጅ ማለት ነው። ብዙዎቹ ሴቶች እንዲህ ነው የሚፈርሙት፤ ቤተሰብ በመጽሔት ላይ የልጁን ስም ማየት አይወድም። ባለታሪኳ ጉልናር ትባላለች። እግሯ ላይ እንደኔ የብረት ድጋፍ ታስራለች። ሰርማድ የሚባል የትምህርት ቤት መምህር ይወዳታል። እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው።

ሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ብዕሬን አስቀመጥኩ። ጉልናር በዝናቡ ወር ጠዋት ብረቷን ስታስር፣ ቆዳው እርጥበት ጠጥቶ አብጦ፣ የዘለበቱ ምላስ ወደ ቀዳዳው አልገባ ይላታል። በጥርሷ ትስበዋለች። እኔም በጥርሴ ነው የምስበው። አራተኛው ገጽ ላይ ጫማ ትገዛለች። የታመመው እግር ትንሽ ስለሆነ ሁለት ጥንድ ገዝታ ከእያንዳንዱ አንድ አንድ ትወስዳለች፤ የተረፉትን ከአልጋዋ ሥር "ባለቤታቸውን እንደሚጠብቁ እንግዶች" ደርድራ ታስቀምጣቸዋለች። ያን ቀን ቤት ገብቼ ጎንበስ ብዬ ከአልጋዬ ሥር አየሁ። የተረፉት አሥራ ሁለት ነበሩ።

ይህን ሰው ነግሯት የምትጽፈው አይደለም አልኩ። ይህ ነገር በእግር ነው የሚታወቀው።

ከዚያ ወዲህ የወሩ መጀመሪያ ሲቀርብ እንቅልፍ የለኝም ነበር። ፖስታው ይመጣል፤ እኔም ቶሎ እንዳያልቅ ቀስ ብዬ እጽፈዋለሁ። ሌላ አንባቢ በአንድ ሰዓት የሚጨርሰውን እኔ አራት ቀን እኖርበታለሁ። "ል" የምትባለዋን የኡርዱ ፊደል ስትጽፍ ጅራቷን እንደምታስረዝም፣ ስትደክም መስመሯ ወደ ታች እንደሚያዘነብል አውቃለሁ። መልኳን ግን አላውቅም። ድምፅዋን አላውቅም። የማውቀው ከፖስታው ጀርባ ያለውን ብቻ ነው፦ ዋዚራባድ፣ ቢላ ሠሪዎች ሰፈር፣ ረህማት አሊ ቤት።

በአሥራ አንደኛው ወር መጨረሻው መጣ። የሠርጉ ቀን ነው። ሴቶቹ ጉልናርን፣ "ብረቱን አውልቂው፤ ግራና ቀኝ ይዘንሽ እንወጣለን፣ ማንም አያውቅም" ይሏታል። እምቢ ትላለች። ብረቷን እንዳሰረች፣ በራሷ እግር፣ ከአባቷ ቤት ትወጣለች። ሰርማድ በወንዶቹ በኩል ተቀምጧል። ማንም ሳያያት፣ ማንም ምንም ሳይል፣ የብረቷን ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ይሰማና፣ "መጣች" ይላል። አለቀ።

እኔም አለቀስኩ። ወረቀቱ እንዳይበላሽ ፊቴን ዞር አድርጌ።

ኒያዚ ሳሂብ አነበቡትና መነጽራቸውን አወለቁ። "ይሄ ምን ዓይነት መጨረሻ ነው? አንባቢዋ ዓመት ሙሉ የጠበቀችው የብረት ሲጥታ ለመስማት ነው?" አሉ። እርሳስ አነሡና በገጹ ጀርባ ላይ ጻፉ፦ ጉልናር ለንደን ሄዳ ትታከማለች። ድና ትመለሳለች። ብረቷን ራቪ ወንዝ ትወረውረዋለች። ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እየሮጠች ሰርማድ ላይ ትጠመጠማለች።

"የኔን ነው የምትጽፈው" አሉ። "ከነገ ወዲያ ማተሚያ ቤት ይገባል።"

"እሷ ትጠየቅ ይሆን፣ ሳሂብ?" አልኩ። በስምንት ዓመት ውስጥ የመጀመሪያ ጥያቄዬ ሳይሆን አይቀርም።

"ማን ናት እሷ? የኔ ሚስት ናት? ጻፍ ዝም ብለህ!"

በማግስቱ ጠዋት ወደ ሥራ አልሄድኩም። ገጹን በደረት ኪሴ ይዤ ባቡር ተሳፈርኩ። ለራሴ የነገርኩት ምክንያት መጨረሻውን ልጠይቃት ነው የሚል ነበር። እውነቱን ግን ባቡሩ ውስጥ ገና ሳልደርስ አውቄዋለሁ። አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያቺ ሴት ያለችበት በር ላይ መቆም ፈልጌ ነው።

በሩ ገርበብ ብሏል። ከኋላው አረንጓዴ መጋረጃ ተንጠልጥሏል። ሦስቱን የጡብ ደረጃ ወጣሁና ላንኳኳ እጄን ሳነሣ፣ ከመጋረጃው ወዲያ የሴት ድምፅ ሰማሁ።

"እማ፣ ሰው መጥቷል! ብረት ያሰረ ሰው ነው። ኧረ ማጠፊያው፣ ዘይት ካየ ስንት ጊዜው!"

እጄ አየር ላይ ቀረ። አንዲት ትልቅ ሴት ወደ መጋረጃው ቀረቡ፤ የማየው ጫማቸውን ብቻ ነው።

"ማነህ ልጄ?"

"ከላሆር ነኝ፣ እማማ። ከመጽሔቱ። ቁም ጸሐፊው ነኝ።"

"መጽሔት የሚጽፍ ሰው እዚህ የለም። ተሳስተሃል።"

"እማ፣ ጸሐፊው እኮ ነው!" አለ ድምፁ ከውስጥ። "ጉልናርን የሚጽፈው! አንድ ፊደል ገድፎብኝ አያውቅም ብዬ አልነገርኩሽም?"

"ዘኪያ! ዝም በይ!"

ዘኪያ። ስሟን በዚህ መንገድ አገኘሁ። መጋረጃውን ሳይሆን ደረጃውን እያየሁ፣ "መጨረሻውን ኒያዚ ሳሂብ ቀይረውታል" አልኩ።

"ምን አደረጓት?"

"ለንደን ላኳት።"

ሳቋ መጣ፣ ሙሉ ሳቅ። "እሷን የሰፈሯን ደረጃ መውጣት ስንት ወር ነው ያለማመድኳት፣ እሳቸው አውሮፕላን ላይ አወጧት? እሺ፣ ከዚያስ?"

"ትድናለች። ብረቱን ወንዝ ትጥለዋለች። ትሮጣለች።"

ሳቁ ቆመ። "ትሮጣለች" አለች ቀስ ብላ። "እና ሰርማድ ምኑን ይሰማል?"

"ምንም አይሰማም።"

"እርስዎ የትኛውን ሊጽፉ ነው?"

"ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት።"

"እኔ የኔን ጽፌ ልኬያለሁ" አለች። "አሁን ብዕሩ በእርስዎ እጅ ነው።"

ልሂድ አልኩና አልሄድኩም። መንገድ ላይ ያዘጋጀሁት ብዙ ነገር ነበር። ከአፌ የወጣው፣ "ጫማዎቹ…" የሚል ብቻ ነው።

"ምን ሆኑ?"

"እኔም ከአልጋዬ ሥር አሉኝ።"

መጋረጃው አልተንቀሳቀሰም።

"ስንት?" አለች።

"አሥራ ሁለት።"

"እኔ አሥራ አራት አሉኝ" አለች፤ ድምፅዋ ወደ መጋረጃው ቀርቦ ነበር።

እናትየዋ ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። "ልጄ፣ ጎረቤት ያያል። በዚህ ቤት ጎልማሳ ወንድ በር ላይ ቆሞ አያወራም። የሚናገረው ነገር ያለው ሰው እናቱን ይልካል። በል በሰላም ቤትህ ግባ።"

ይቅርታ ጠይቄ ወረድኩ። ሦስቱም ደረጃዎች ላይ ብረቴ ሲጥ አለ። ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር። ተባረርኩ ብዬ ነው ወደ ባቡሩ የተመለስኩት።

ከሰዓት በኋላ ሱቅ ደርሼ ጉልበቴን አቆምኩ። በቀለም የተጻፈው የእሷ ነው፤ በእርሳስ የተጻፈው የሳቸው። በቀለም የተጻፈውን ጻፍኩ። ከታች፣ የጸሐፊው ስም በጥቃቅን ፊደል በሚገባበት ቦታ፣ "ጸሐፊ ኢርታዛ፣ ላሆር" ካልኩ በኋላ፣ በዕድሜዬ የመጀመሪያዬን የራሴን ዓረፍተ ነገር ጨመርኩ፦ "ማጠፊያው ዘይት ተቀብቷል።" ቀለሙ እንደደረቀ ማተሚያ ቤት ላኩት። ቤት ገብቼም እውነት እንዲሆን የሰናፍጭ ዘይት አንስቼ ቀባሁት።

መጽሔቱ የወጣ ዕለት ኒያዚ ሳሂብ ገጹን አፍንጫዬ ሥር ዘረጉት። "ለንደን የት ሄደች? ይኸስ? 'ማጠፊያው ዘይት ተቀብቷል'! የጋራዥ ማስታወቂያ ነው?"

"ጥፋቱ የኔ ነው፣ ሳሂብ።"

"የማን ሊሆን ነው ታዲያ፣ የመቃው? ውጣልኝ!"

ወጣሁ። ለሦስት ሳምንት የሱቆች የስም ሰሌዳ ስጽፍ ቆየሁ። ከዚያ አስጠሩኝ፤ አዲሱ ጸሐፊ በአንድ ገጽ ሁለት መስመር ይዘላል አሉ። ይቅር አላሉኝም፤ አንድ እስር ደብዳቤ ወረወሩልኝ እንጂ። "እንካ፣ ዘመዶችህ ናቸው፣ አንተው አንብባቸው።" ግማሹ፣ ጉልናርን ለምን አላዳናችኋትም የሚል ስድብ ነው። አንዲት ከሳሂዋል የጻፈች ሴት ግን፣ "እኔም ብረቴን አስሬ ነው የተዳርኩት፤ እስከዛሬ ያፈርኩበትን ነገር ለባሌ አነበብኩለት" ትላለች። እስሩን ሁለት ጊዜ አገላበጥኩት። ከዋዚራባድ የመጣ የለም።

አንድ ወር አለፈ፣ ሁለት፣ አራት። አዲስ ልብ ወለድ አልላከችም። የፖስታ ቤቱ መልእክተኛ ሲገባ ቀና እላለሁ፤ ሲወጣ አቀረቅራለሁ። ሌሎች የጻፉትን ስገለብጥ "ል" የምትለዋ ፊደል ጅራቷ ሳላውቀው ይረዝምብኛል። ጠዋት ጠዋት ማጠፊያውን ዘይት እቀባለሁ። ድምፅ የሚባል የለውም። ሰው አጠገብ ደርሼ ስናገር ይደነግጣል።

ነገሩን ያወጣችው ዘይቱን የምትጠብቀው እናቴ ናት።

"ኢርታዛ! ይሄን የሰናፍጭ ዘይት ማነው የሚጠጣው? ወጥ ልሠራ አንድ ጠብታ የለም!"

"እኔ ነኝ፣ አሚ። ለብረቱ ነው።"

"ብረቱ በቀን ስንት ጊዜ ይበላል? ና ቁጭ በል እዚህ።"

ተቀመጥኩ። እናቴ ዓይኔን ካየች መዋሸት አልችልም። ስለ ደረጃው፣ ስለ መጋረጃው፣ ስለ አሥራ አራቱ ጫማ ነገርኳት። እናትየዋ ያሉኝን ቃል በቃል ደገምኩላት፤ ያየሁትንና የሰማሁትን ሳልገድፍ መድገም ሥራዬ ነው።

እናቴ ጭልፋውን አስቀመጠች። "እንደገና በል እስቲ የመጨረሻዋን።"

"የሚናገረው ነገር ያለው ሰው እናቱን ይልካል።"

"እና አንተ ምን አደረግህ?"

"ይቅርታ ጠይቄ መጣሁ።"

"ወይኔ ልጄ!" አለችና ጭንቅላቷን ያዘች። "ሴትዮዋ በሩን ከፍታልህ አንተ ዘግተኸው መጣህ? እንዲህ ያለ ነገር ለየትኛው ወንድ ይነገራል? አራት ወር ሙሉ በር በሩን ሲያዩ፣ አንተ የኔን ዘይት ትጨርሳለህ! ያቺን አዲሷን ሻሽ አምጣልኝ።"

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከአክስቴ ጋር ጣፋጭ ይዛ ባቡር ተሳፈረች። እኔ ሱቅ ሄጄ ጉልበቴን አቆምኩ፤ ቀኑን ሙሉ የጻፍኩት ሁለት መስመር ነው፤ ሁለቱንም በምላጭ ፍቄ አጠፋሁ።

አመሻሹ ላይ መጣች። ሻሿን ሳታወልቅ ውሃ ጠየቀች፣ ጠጣች፣ እንደገና ጠየቀች። እኔን ለማንገላታት መሆኑን አውቃለሁ።

"አባትየው ቢላ ሲስል ቆይቶ፣ ከኢድ በኋላ መልስ እንሰጣለን አለ" አለች በመጨረሻ። "ደግ ሰው ነው። ግን አንድ ልጁ ናት፤ ዓይኑ ፈርቷል። ምን እንደሚል አላውቅም።"

"እሷስ?"

"እሷማ ሻይ ይዛ ገባች። ብረቷን አስራ፣ እንዳንተ በዘይት ሳትደብቀው። ጸሐፊው ስሙ ሥር ያሰፈረውን አይቻለሁ አለችኝ።"

"እና?"

"ተቆጥታለች።" እናቴ ሳቋን ዋጠች። "'ምነው ቀባው?' አለችኝ። 'በቀልድ ያልኩትን ነው እንዴ የሚሠራው? ቀብቶት ከመጣ መምጣቱን በምን አውቃለሁ?'"

ኢድ ገና ሃያ ሦስት ቀን ይቀረዋል። ያን ዕለት ማጠፊያውን በጨርቅ ጠርጌ ጠርጌ አደረቅሁት። አሁን ከሱቁ እስከ ባዛሩ ጫፍ ድረስ ሲጥ ሲጥ እያለ ይሄዳል። ወረቀት ሻጮቹ፣ "ኢርታዛ፣ ኧረ ያን ነገር ዘይት ቀባው!" ይሉኛል።

ከኢድ በኋላ እላቸዋለሁ።